የጠፋችው ነጥብ

ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ ገብተው መብራት ሲያበሩ ማሽኑ ቦታው ላይ አልነበረም።

ጠረጴዛው አለ፤ ማቀዝቀዣው እንደወትሮው ያፏጫል፤ መስኮቱም እንደተዘጋ ነው። ጠረጴዛው መሀል ላይ ግን የሻንጣ ያህል ባዶ ቦታ ተፈጥሯል። ዙሪያውን ስስ አቧራ ለብሷል፣ ማሽኑ የነበረበት ንጹሕ ነው።

ለሚያየው ሰው ማሽኑ ጥቁር ሣጥን ከመሆን አያልፍም። ሥራው ግን ማንበብ ነበር። ሐኪሞች በጥድፊያ የሚሞነጫጭሩትን፣ አንዳንዴ ራሳቸው ጻፊዎቹ እንኳ መልሰው ለማንበብ የሚቸገሩበትን የሕመምተኛ ካርድ በስካነር አንስተው ሲሰጡት፣ አንብቦ በኮምፒውተር ፊደል ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የከተማው ትልቁ ሆስፒታል ካርዶቹን ሁሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር ሁለት ድርጅቶችን ሲያወዳድር ከርሞ፣ የዚህ ቢሮ ማሽን በፍጥነት በልጦ አሸንፏል። በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ከሕፃናት ክፍል ሊጀምር ነበር። በቀኑ ካልገባ ዕድሉ ለተወዳዳሪው ያልፋል።

ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ጡረታው የተቃረበ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ጣቢያ ውስጥ «ዝግታ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ለቀልድ የወጣ ስም ነበር፤ አሁን አሁን አዛዡም ሳይታወቀው «ዝግታን ጥሩልኝ» ይላል። አብራው የምትሠራው ሳጅን ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ናት፤ ደረጃ እንኳ ስትወጣ እየዘለለች ነው።

«በሩ አልተሰበረም» አለች ሳጅኗ። «ቁልፉም አልተነካካም። መጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ እሱም ሄዷል። ከዚህ ሌላ አንዲት ነገር አልጠፋችም። ላፕቶፖቹ ፊት ለፊት ተዘርግተው ሌባው ዞር ብሎም አላያቸው።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። የማሽኑ ገመዶች እዚያው ቀርተዋል። ማንም ጎትቶ አልነቀላቸውም። እያንዳንዱ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ሰው እንዳይረግጠው ግድግዳው ሥር ተደርድሯል።

«ጨዋ ሌባ ነው የገጠመን» አለች ሳጅኗ።

ኢንስፔክተሩ አንዱን ጥቅልል አንስቶ እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

የድርጅቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆማለች። አርባ ያልሞላት ሴት ናት፤ በጥድፊያ ስትወጣ ጉትቻዋን ባንድ ጆሮዋ ብቻ አድርጋለች። ሠራተኞቹ ሁሉ «እታለም» ይሏታል። አብሯት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ እንደዚያ ሲጠራት እየሰሙ ለመዱትና፣ በዕድሜ የሚበልጧት እንኳ እታለም አሏት።

«ማን እንደሰረቀኝ አውቃለሁ» አለች። «ብዙ መድከም አያስፈልግም። መንገዱን ተሻግረው ፎቅ ይውጡ።»

«እዚያ ማን አለ?»

«ይህን ሥራ አብሮኝ የጀመረ ሰው። ተጣላንና ወጥቶ የራሱን ከፈተ። በውድድሩ የተሸነፈውም እሱ ነው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፍጥነት። እሱ በነጋ በጠባ ‹ቆይ› ነው። እኔ ደግሞ ‹ቆይ› የሚል ሰው አይሆንልኝም።»

ሳጅኗ ዝግታን በጎን አየችውና ሳቋን ዋጠች።

ሕንፃውን እሑድ እሑድ የሚጠብቁት ሽማግሌ ግቢው በር ላይ ካለችው ጠባብ ክፍላቸው ወጥተው ቆመው ጠበቋቸው። ሁሉም «አባባ» ነው የሚሏቸው።

«አባባ፣ ትናንት ተረኛው እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«የማያውቁት ሰው ገብቶ ነበር?»

«ባዕድ ሰው ደጄን አልረገጠም።»

«ትንሽ ሸለብ አድርጎዎት ይሆን?» አለች ሳጅኗ።

«ልጄ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቼም እንቅልፍ አይወስደኝ፣ እዚህ ወንበር ላይ ሊወስደኝ!»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ፤ ቆባቸውን አውልቀው ያለምክንያት ማገላበጥ ጀመሩ።

ማሽኑን ማንበብ ያስተማረው፣ ፕሮግራሙንም የጻፈው የእታለም ወንድም ነው። ቢሮው ውስጥ ስሙ «ትንሹ» ነው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሎጋ ወጣት ነው፤ ትንሽነቱ ከእህቱ ጋር ሲወዳደር ብቻ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ነበር። እሷ ዩኒቨርሲቲዋን አቋርጣ፣ በቀን ጸሐፊ በማታ ገንዘብ ተቀባይ ሆና አሳደገችው፤ አስተማረችው። ይህን ለኢንስፔክተሩ ያጫወተችው ማሽኑ የሳታቸውን ቃላት የምታስተካክለው አራሚዋ ናት።

ኢንስፔክተሩ ሲያገኘው ትንሹ ከቢሮው ጥግ ባለችው ገንዳ የሠራተኞቹን ኩባያ ያጥባል።

«እሑድ የት ዋልክ?»

«ቤት። ከእታለም ጋር ነው የምኖረው።»

እታለም ከወዲያ ሰምታ ገባች። «አዎ፣ ክፍሉ ውስጥ ሲሠራ ነው የዋለው። ምሳ ብላ ብዬ ብጠራው ‹አልራበኝም› አለኝ። እሱን ትተው ወደ ሌባው ይሂዱልኝ እባክዎ!»

እሷ ስትወጣ ትንሹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ሆስፒታሉ በምን ሊሠራ ነው?»

«በወረቀቱ ነዋ፤ እንደድሮው።»

ትንሹ ዓይኑን ኩባያው ላይ እንደተከለ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የከሠረ ሰው እንደዚያ አይተነፍስም። 

ከሕንፃው ፊት ለፊት ፎቶኮፒ ቤት አለ። ባለቤቷ እሑድም ትከፍታለች።

«ያን ሰውዬ አይቼዋለሁ» አለች ባለቤቷ፣ ሳጅኗ ስትጠይቃት። «እዚህ ይሠራ የነበረውን፣ አሁን ማዶ የከፈተውን። እሑድ ከሰዓት ግቢው በር ላይ ቆሞ ያወራ ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ በሩ ጋርዶኛል። ብቻ እጁን እያወናጨፈ ነበር፤ ሲያወናጭፍ አይቼው ስለማላውቅ ገረመኝ።»

ሳጅኗ መልሱን እንኳ ጽፋ ሳትጨርስ መንገዱን ተሻገረች።

ሰውዬው ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የሰበሰበ፣ የተረጋጋ ሰው ነው። ስካነሩን በጨርቅ እየወለወለ ተቀበላቸው።

«እሑድ ማዶ ነበሩ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ነበርኩ።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ሰው ጠርቶኝ።»

«ማን?»

«እሱን አልነግራችሁም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ማሽን ጠፍቷል» አለች ሳጅኗ። «ማሽኑ ዛሬ ካልገባ ሥራው ለእርስዎ ነው የሚሰጠው። ታይተዋል። ዝም ካሉ ምን እንደሚመስል ይገባዎታል?»

«በደንብ ይገባኛል። የምታስሩኝ ከሆነ ጃኬቴን ልያዝ፤ እዚያ ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።» ይህን ሲል አልተሳለቀም፤ የምሩን ነበር። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ። «እታለም እንዴት ናት?»

«ተቆጥታለች።»

«ስትቆጣ እህል አትቀምስም። አንድ ሰው ያስታውሳት።»

ደረጃውን ሲወርዱ ሳጅኗ እሳት ጎርሳለች። «አምኗል እኮ! እዚያ ነበርኩ አለ! ለምን ተውነው?»

«እዚያ ነበርኩ አለ እንጂ ወሰድኩ አላለም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ደግሞም የጠላውን ሰው ማሽን የሚሰርቅ፣ ምሳ በላች አልበላች ብሎ አይጨነቅም።»

«ጸጸት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ። ከልቡ ነበር፤ ገና እርግጠኛ አልነበረም።

እርግጠኛ ያደረገችው አራሚዋ ናት። ሲመለሱ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነው። ዓርብ ስወጣ ያላለቀ ሥራ ነበረኝ። ማሽኑ ውስጥ ስለነበር አብሮ ጠፋ ብዬ ነበር። ይኸው፣ የእኔው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦልኛል። ጓደኞቼም የየራሳቸውን አገኙ፤ በየስማችን ተለይቶ።»

«መቼ ነው የተቀመጠው?»

አየችው። «እሑድ ከሰዓት ይላል።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የማሽኑ ሌባ ከመስረቁ በፊት ቁጭ ብሎ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ያላለቀ ሥራ ፈልጎ አስቀምጧል። ማሽኑን በወጉ አጥፍቷል። ገመዱን ጠቅልሏል። በዚህ ቢሮ ላይ ክፉ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

«እታለም» አላት ሲያገኛት። «እሑድ ወንድምዎን ለምሳ ሲጠሩት ተነስቶ በሩን ከፈተልዎት?»

«ምን በር? በስልክ ነው የጠራሁት። እኔማ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ለርክክቡ ስዘጋጅ ነው የዋልኩት። በሆስፒታሉ መኪና ሄጄ በሆስፒታሉ መኪና ተመለስኩ።»

«የእርስዎ መኪናስ?»

«ቅዳሜና እሑድ እዚሁ ግቢ ነው የምትቆመው። ሰፈራችን ማቆሚያ የለውም፤ ትርፍ ቁልፏ ግን ቤት ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያነሳኋት። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ወደ ማዶው ቢሮ ሲመለስ ሳጅኗን አላስከተለም። ሰውዬው ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ እየጠበቀ ነበር።

«ልታስሩኝ ነው?»

«አይደለም። ቃልዎን እንዲያፈርሱም አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ልወቅ፤ ያ ማሽን ሆስፒታል ቢገባ ምን ይመጣ ነበር?»

ሰውዬው ስካነሩን አበራ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ሳበና ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ እስክሪብቶ አንስቶ 0.5 ብሎ ጻፈ። ችኩል ሐኪም እንደሚጽፈው ነው የጻፈው፤ ነጥቧን ጫር አድርጎ አለፋት።

«አልናገርም ብያለሁ እንጂ አላሳይም አላልኩም» አለ።

ወረቀቱን ስካነሩ ላይ አኖረው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የወረቀቱ ምስል መጣ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ምስሉን አጸዳ፤ የወረቀቱ ጠቃጠቆና የእጁ እድፍ ጠፋ። ነጥቧም አብራ ጠፋች። ከሥር በጥሩ ፊደል 05 የሚል ወጣ፤ ከጎኑም «ሰው ይየው» የሚል ቀይ ምልክት በራ።

«ፕሮግራሙ ቆሻሻ መስላው ነው የሚጠርጋት» አለ ሰውዬው። «የእኔም ይጠርጋታል። ልዩነቱ፣ የእኔው ቁጥር ሲጠራጠር ይቆምና ሰው ይጠራል፤ ለዚህ ነው በፍጥነት የተሸነፍኩት። ሳይቆም የሚያልፍ ማሽን ሕፃናት ክፍል ቢገባ… ግማሽ ሚሊ የታዘዘለት ልጅ አምስት ይሰጠዋል።»

ኢንስፔክተሩ ስክሪኑን አፍጥጦ አየ። «ይህን እያወቁ ለሆስፒታሉ ለምን አልተናገሩም? ሥራውንም ያገኙ ነበር።»

«ያወቅኩት እሑድ ነው፣ የእኔም ነጥብ ይጥል እንደሆነ ስጠየቅ። ሰኞ ጠዋት ልነግራቸው ነበር። የጠራኝ ሰው ‹ማሽኑ እንደማይገባ አረጋግጥልሃለሁ፣ እሷ ግን ከሰው አፍ አትስማው፣ እኔው ልንገራት› ብሎ ለመነኝ። እንባው ይወርድ ነበር።» ወረቀቱን አጣጠፈው። «እኔም… እሷ በሰው ፊት ስትዋረድ ማየት አልፈልግም ነበር። ተፎካካሪዬ ናት። ግን ከባዶ ክፍል ወለል ላይ ቁጭ ብለን ነው አብረን የጀመርነው።»

ኢንስፔክተሩ ሲወርድ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ጠባቂ ሄደ።

«አባባ፣ ጠዋት አጠያየቄ ልክ አልነበረም። ባዕድ አልገባም አሉኝ፤ እውነት ነው። የቤት ሰውስ?»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። 

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» አሉ። «በየትኛው ላይ ልመስክር? ከባድ ነበር፣ አንዱን ጫፍ ያዝኩለት። ወደ ሆስፒታል የሚሄድ መስሎኝ። ዛሬ ስትጮህ ነው የገባኝ።»

«የት አኖራችሁት?»

አባባ በአገጫቸው ወደ ግቢው ጠቆሙ።

እታለም መኪናዋን አቁማ እየወረደች ነበር። የሆስፒታሉን ኃላፊዎች አንድ ቀን እንዲታገሷት ለምና፣ እምቢ ተብላ መመለሷ ነው። ትንሹ አብሯት ሄዶ ኖሮ ከጎኗ ወረደ።

«አሰራችሁት?» አለች ገና ከሩቅ።

«ማሽንዎ ተገኝቷል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«የት? እሱ ቢሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ አብሮዎት ሲዞር ነው የዋለው። የመኪናዎን የኋላ ይክፈቱት።»

ምን እንደሚል አልገባትም። ሄዳ የዕቃ መጫኛውን ከፈተች። ጥቁሩ ሣጥን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንዳይንገጫገጭ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ የጠፋው ዲስክም ከጎኑ አለ። ብርድ ልብሱ የራሷ ነው። ጫፉን በጣቷ ያዘችና አልለቀቀችም። ዞራ ማንንም አልጠየቀችም፤ ወንድሟን ብቻ አየችው።

ትንሹ አንገቱን ደፋ። «ከአንቺ ላርቀው አልቻልኩም» አለ። «ሌላ ቦታ ብወስደው የሰረቅኩሽ መሰለኝ።»

«ለምን?» አለች። 

ነገራት። ስለ ነጥቧ፣ ስለ ማጽዳቱ፣ እሷ «አፍጥነው» ስትለው ሰው የሚጠራውን ክፍል ከፕሮግራሙ እንዴት እንዳወጣው። እሷም እየሰማች ቀስ በቀስ የመኪናው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ካርድ ላይ?»

«ቆጥሬ አልጨረስኩም።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም!»

«ዓርብ ነገርኩሽ።»

«ምን ብለህ?»

«‹ትንሽ ችግር አለ› አልኩሽ። ‹ከርክክቡ በኋላ› አልሽኝ።» እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ፊትሽ በጣም ደክሞ ነበር እታለም። ደግሜ ማለት አቃተኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ አሁን እነግራታለሁ ስል ዋልኩ። እሱን ሲወነጅሉት ስሰማማ ልሞት ነበር።»

 አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«አቤቱታ ያቀረቡት እርስዎ ነዎት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ምን ላድርግ?»

«ምን ያደርጋሉ? ወንድሜን ሊያስሩልኝ ነው? የራሴን ማሽን በራሴ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በራሴ መኪና ላይ ስላኖረ?»

ሳጅኗ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ ኢንስፔክተር?»

«‹ንብረቱ በባለቤቷ እጅ ተገኘ› ብለሽ ጻፊ። ውሸት አለው?»

«የለውም» አለች ሳጅኗ፤ ስትጽፍ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

እታለም ተነሥታ የወንድሟን ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጨመደደችው። ልትመታው ይሁን ልታቅፈው ለራሷም የገባት አይመስልም።

«ለምን አልጮህክብኝም?»

«ጮኼብሽ አላውቅማ።»

«ጩኽብኛ! ስሳሳት ጩኽብኝ! እኔ ያሳደግኩህ አፍ እንዲኖርህ አይደል?»

ከዚያ ብቻዋን መንገዱን ተሻገረች። እዚያ ፎቅ ላይ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። አብረው ሲወርዱ ግን ፎቶኮፒ ቤቷ በር ላይ ሰውዬው «ምሳ በልተሻል?» ሲላት፣ እሷም «አልበላሁም፣ ዝም በለኝ» ስትለው ባለቤቷ ሰምታለች።

በማግሥቱ ጠዋት እታለም፣ ትንሹና ሰውዬው በሆስፒታሉ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ፣ ሐኪሞቹና የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ነርስ ጠረጴዛውን ከበዋል። ኢንስፔክተሩ የምርመራውን መዝገብ ሊዘጋ ስለሆነ ጥግ ላይ ወንበር ይዟል።

እታለም ተነሣች። የለመደችው ሥራዋን የማስተዋወቅ ድምፅ ሳታስበው መጣባት።

«ስለ መዘግየታችን ይቅርታ እየጠየቅኩ» አለች፣ «በፕሮግራማችን ላይ አንድ አነስተኛ ችግር…»

«አነስተኛ አይደለም!»

አዳራሹ ደነገጠ። ትንሹ ቆሟል። ወንበሩ ከኋላው ወድቋል።

«አነስተኛ አይደለም እታለም! ልጅ ይገድላል!»

 እታለም ወንድሟን አየችው፤ ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ረጋ አለ። የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሰምታችኋል» አለች። «አነስተኛ አይደለም። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ያቻኮልኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም ልንገራችሁ።»

ነገረቻቸው፤ አንድም ነገር አላስቀረችም። ዳይሬክተሩ ሰምቶ ሲያበቃ ውሉ መሰረዙን በአጭሩ ነገራት። ቀጥሎ ወደ ተወዳዳሪዋ ዞሮ ሥራውን ይረከብ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውዬው ብቻውን እንደማይረከብ ተናገረ። የሁለቱም ማሽን ነጥብ እንደሚጥል፣ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀውና የሚያስተካክለው ያ የጮኸው ልጅ እንደሆነ፣ እስከዚያው እያንዳንዷን ቁጥር የሰው ዓይን ማየት እንዳለበት አስረዳ። ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ ሲናገር የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«ይውሰድ» አለች። «እኛ ቁጭ ብለን ከነሱ ጋር እናነባለን።»

ኢንስፔክተሩ ሲወጣ ሁለቱን እህትና ወንድም ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው። ትንሹ ግድግዳውን ተደግፏል፤ እሷ ክንዱን ይዛዋለች።

«ሁለት ጊዜ ጮህኩብሽ» አላት፤ «በሰው ፊት።»

እታለም ሽቅብ አየችው። «ድምፅህ እንዲህ ወፍራም ነው እንዴ?» አለች። «አላውቀውም ነበር እኮ።»